ተልኮ ጨዋታ ላይ የቀረው ልጅ

 

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ማገልገል ሲጀምር የ10 ዓመት ልጅ ነበር። አንድ ቀን ለጉዳይ ላኩት። መንገድ ላይ፣ ገበያው ውስጥ፣ ልጆች ሲጫወቱ አገኘና እዚያው ቀረ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኋላው መጥተው ማጅራቱን ያዝ አደረጉት። ዞር ሲል እየሳቁ ነበር። ስሙን አቆላምጠው «ኡነይስ» ብለው ጠሩትና የተላከበት ሄዶ እንደሆነ ጠየቁት። ይህን ያወራው ራሱ አነስ ነው፤ ኢማሙ ሙስሊም ዘግበውታል።

አነስ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር ልመረምር አይደለም፤ ጨዋታ የማያስረሳው ልጅ የለም። እኔ የማስበው ስለዚያ ሳቅ ነው። በየቤታችን አንድ ቀን ሳይሆን ሁልጊዜ ተልኮ የሚቀር ልጅ አለ። ደብተሩን ይጥላል፣ ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል፣ ሶላት ላይ ሦስቴ ዞሮ ያያል። «ቀዥቃዣ» ይባላል፤ ሲብስም «ጂን አለበት»።

እንዲህ ያለው ነገር ከልጁ ዕድሜ በላይ ሲሆን፣ ለወራት ሲዘልቅ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም ሲታይ ሐኪሞች ኤዲኤችዲ ሊሆን ይችላል ብለው ይመረምራሉ። የአንጎል ዕድገት ጉዳይ ነው፤ በዘር የመውረድ ዕድሉም ሰፊ ነው። እናት ስላልገረፈች የመጣ አይደለም። ሴት ልጆች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሰወራል፤ ዝም ብላ በመስኮት የምታይ ልጅ ማንንም አትረብሽማ።

ቁርኣን ይቀራለት፣ ዱዓ ይደረግለት፤ ማን ይከለክላል? ግን መድኃኒት ፈልጉ ያሉንም እሳቸው (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። የሕፃናት ሥነ-አእምሮ ሐኪም ጋ መውሰድ ልጁን እብድ ማለት አይደለም።

እንግዲህ መስከረም ሊገባ ነው። አብዛኞቻችሁ ገና ወላጅ አልሆናችሁም፤ ነገር ግን ታናሻችሁን የምታስጠኑት፣ ጠዋት ትምህርት ቤት የምታደርሱት እናንተ ናችሁ። ከእንቅልፉ ጀምሩ። ክረምቱን ሙሉ ስልክ ይዞ ያመሸን ልጅ በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስ ቢሉት አይሆንለትም። ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ሩብ ሰዓት ቀደም አድርጋችሁ አስተኙት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ወሬ አይወዱም ነበር፤ እኛ ቤት ግን ቲክቶክ የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው።

ቦርሳው ማታ ተዘጋጅቶ በር አጠገብ ይቀመጥ፤ ሁልጊዜ እዚያው። «ተነስ፣ ታጠብ፣ ልበስ፣ ቁርስ ብላ» በአንድ ትንፋሽ ከተባለ ሁለተኛው ላይ ይጠፋል። ትከሻውን ነካ አድርጉና አንዱን ንገሩት፤ ሲጨርስ ቀጣዩን። የጠዋቱን ሥራ በሥዕል አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉለት። ውዱእንስ ያስተማርነው አንድ በአንድ፣ አብረን እየታጠብን አይደል?

ጥናትም እንደዚያው ነው። ቁርኣን በ23 ዓመት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ነው የወረደው፤ ይህን ልጅ 2 ሰዓት ቁጭ በል ማለት ምን ይሉታል? 10 ደቂቃ ያጥና፣ ተነስቶ ውኃ ቀድቶ ይምጣ፣ እንደገና 10 ደቂቃ። (እኔ በማስተምርበት መድረሳ ምንጣፍ የሚያነጥፈውና ሙስሐፍ የሚያድለው እንዲህ ያለ ልጅ ነው። መነሳቱ ካልቀረ ሥራ ይዞ ይነሳ።)

መምህሩን ደግሞ ቅሬታ ሳይመጣ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት አነጋግሩት። ክፍል ሙሉ ተማሪ ይዞ ሁሉን ማድረግ ስለማይችል ሁለት ነገር ብቻ ለምኑት፦ ከመስኮትና ከበር ራቅ ያለ የፊት ወንበር፣ እና ሰው ፊት አለማዋረድ። ልጁ ምን እንደሚወድም ንገሩት፤ ጥፋቱን ሳትነግሩትም ያየዋል።

ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ቀለም የተነሳለት ነው፤ አላህ ዘንድ ወንጀል አይጻፍበትም። እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ የጣለውን እስክሪብቶ ቆጥረን ይዘንበታል። ዘንድሮ ሦስት አራት ትርፍ ግዙና አስቀምጡ፤ አንዱ በመጀመሪያው ሳምንት መጥፋቱ አይቀርም።