ብዬው አላውቅም

ቅዳሜ ማታ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ አጠገቤ ወዳለችው ሻይ ቤት እሻገራለሁ። የምኖርበት ጥርባ ሲመሽ ብርድ ነው። የሻይ ቤቷ እመቤት የዲከረንስ ዛፍ ከሰል አቀጣጥላ ማንደጃውን መሀል ላይ ታኖራለች፤ እኛ ዙሪያውን ከብበን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ቴሌቪዥን እናንጋጥጣለን። የምናየው የድምፅ ውድድር ነው። ድሮ ኢትዮጵያን አይዶል ነበር፤ ከዚያ አብርሃም ወልዴ ባላገሩ አይዶልን ይዞ መጣ፤ ዳዊት ጽጌ ያሸነፈ ጊዜ የእኛው ዘመድ ያሸነፈ ያህል ነበር የጮኽነው። ዛሬ ደግሞ ፋና ላምሮት አለ። ስሙ ይለዋወጥ እንጂ የእኛ ሥራ ያው ነው። ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ እኛ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በአገውኛ እንፈርዳለን።

የእኔ ፍርድ ደግሞ ይሰማል። በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፤ ከዜማ ትምህርት ጾመ ድጓን ዘልቄ ድጓ እንደጀመርኩ አባቴ ሞተና ወደ ቤት ተመለስኩ። ስለዚህ አንዱ ተወዳዳሪ ዘፍኖ ሲጨርስ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። "ምን ይላሉ ጋሼ?" ይሉኛል። "ጉሮሮው ጠባብ ነው" ካልኩ የልጁ ነገር እዚያው አለቀ። ይህን ሥልጣን እወደው ነበር።

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ፣ አብረውኝ የተማሩ፣ ዛሬ መሪጌታ የሆኑ ወዳጄ ለጉዳይ ከገጠር መጥተው መሸባቸውና እኔ ዘንድ አደሩ። ወደ ሻይ ቤቷ ይዣቸው ገባሁ። ዘፈን ወዳለበት መሪጌታ ማስገባቴ ራሱ አሳስቦኝ ነበር፤ የገላትያ መልእክት ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራ እንደሚቆጥረው ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ፊታቸውን ወደ ፍሙ አድርገው፣ በጆሯቸው ብቻ ይሰሙ ነበር።

አንዲት ልጅ ወጣች። የመረጠችው የቆየ ዘፈን ነው፤ መሀሉ ላይ ድንገት ከፍ ይላል። እዚያ ስትደርስ ድምጿ ተሰበረ። ቤቱ በአንድ አፍ "ኧረ!" አለ። እኔ "ይቺ ልጅ ድምፅ የላትም፤ ማን ነው እዚያ ያደረሳት?" አልኩ። ሰዉ ወደ መሪጌታ ዞረ። ዝም አሉ። ጥያቄው ሲደጋገምባቸው፣ ከፍሙ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ "እኔ ይህን ብዬው አላውቅም" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

መጀመሪያ ከዘፈን መሸሻ መሰለኝ። ሌሊቱን ስገላበጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ መጣብኝ።

ድጓ የዘለቀ ተማሪ መምህር መሆን ሲፈልግ ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ወደ ዙር አባ። እዚያ የሚያደርገው ነገር ማስመስከር ይባላል፤ ጉባኤውም ምስክር ቤት ነው። ይህን ስም ስንት ጊዜ በአፌ ስጠራው ኖሬ ሳላስተውለው ቀርቻለሁ። ተማሪውን የሚመዝን ሊቅ የተቀመጠበት ቤት በዳኛ ስም አልተጠራም። ምስክር በነገሩ ውስጥ የነበረ ነው፤ በወሬ አይመሰከርም። ያ ሊቅ እያንዳንዱን መስመር ራሱ ብሎታል፣ ስቶበታል፣ ተቆንጥጦበታል። ተማሪው ርክርክ የተባለውን የዜማ ምልክት ሲስት የሳተበትን ቦታ እንደ ደጁ ያውቀዋል። "መለስ በል" ይለዋል። ተማሪው ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመለሳል፤ አሥር ጊዜም ይሁን ሃያ ጊዜ ይመለሳል። በቴሌቪዥኑ ቋንቋ ግን የሳተ ተሰናባች ነው። ምስክር ቤት ስህተት ወደ ዜማው ይመልሳል፤ እዚህ ግን ወደ ቤት ይሸኛል።

ወጥ ማረሩን ለመናገር ወጥ ሠሪ መሆን አያሻም፤ ይህን አልክድም። የልጅቷ ድምፅ መሰበሩን ሁላችንም ሰምተናል። ደንበኛ መጥቶ እጅጌው ጠሟል ቢለኝ፣ አንተ ሰፍተህ አሳየኝ አልለውም። እኔ ግን "እዚህ ቦታ ተሰበረች" አላልኩም። "ድምፅ የላትም" ነው ያልኩት። የሰማሁት ሁለት ደቂቃ ነው፤ የፈረድኩት በዕድሜዋ ሁሉ ላይ ነው። ለጠመመ እጅጌ ስፌቱን እፈታለሁ፤ ጨርቁን እሳት ውስጥ ጥዬው አላውቅም።

ከዚያ በፊት በነበረው ጥርም እንዲሁ ሆኗል። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል እንጅባራ ላይ ይከበራል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በዓድዋና ኋላም በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአርበኛው ጋር የዘመቱት ፈረሶች ይታሰቡበታል። ጉልበቴን አሞኝ ስለነበር በቴሌቪዥን አየሁት። አንድ ፈረሰኛ በሙሉ ግልቢያ ላይ ሳለ ድንገት ልጓሙን ሳበ፣ ፈረሱ ተገተረ፣ ሌሎቹ ጥለውት አለፉ። "ይሄ ፈሪ ነው" አልኩ። ማታ ልጄ ከሜዳው ሲመለስ ነገረኝ፤ አንድ ሕፃን ከእናቱ እጅ አምልጦ ወደ ሜዳው ገብቶ ነበር። ካሜራው ያንን አላሳየም። እኔም ምን እንዳላየሁ አልጠየቅሁም። የፈረሰኛውን ስም እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይቅርታ የምጠይቅበት መንገድ የለኝም።

ቅዱስ ያሬድ ራሱ አክሱም ላይ አጎቱ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ተገርፎ፣ ጠፍቶ የሄደ ልጅ ነበር። ማይኪራህ በሚባል ቦታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አየና ተመለሰ። ከስድስቱ ውድቀት በአንዱ ላይ ብንደርስበት እኛ ሻይ ቤት ምን እንል እንደነበር አውቀዋለሁ። ኋላም በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙ ሲፈስ ዘማሪውም ሰሚውም አላወቁም። ሲነቁ ንጉሡ ደንግጦ የፈለግኸውን ጠይቀኝ ቢለው፣ ያሬድ ወደ ሰሜን ሄጄ ልመንን አለ። ይህን ታሪክ ስለ ተመስጦ ብለው ነበር ያስተማሩን፤ እኔ ግን ከዚያች ሌሊት ወዲህ ዓይኔ ጦሩ ላይ ይቀራል። ንጉሡ የወደደ ሰሚ ነበር፤ የወደደ እንኳ አቁስሏል። ቢሆንም ጦሩን የነቀለ እሱ ነው፤ ደሙን አይቷል። እኛ ወደ ቴሌቪዥኑ መስኮት የወረወርነው የት እንዳረፈ አናይም።

የኔታ የዜማ ምልክቶችን ሲያስተምሩን ከጌታ ሕማማት ጋር እያያያዙ ነበር። ይዘት መያዙ ነው፣ ጭረት የግርፋቱ ሰንበር፣ ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ። ልጆች ነበርንና ለማስታወሻ የተባለ መስሎን በዜማችን ላይ ብቻ አተኮርን። አሁን ያንን ትምህርት የማስበው ከዮሐንስ ወንጌል 5ኛ ምዕራፍ ጋር ነው። እዚያ ለወልድ የመፍረድ ሥልጣን የተሰጠው የሰው ልጅ ስለሆነ እንደሆነ ተጽፏል። ድሮ ግር ይለኝ ነበር፤ አምላክ ስለሆነ ይፈርዳል ቢል ይቀለኝ ነበር፤ ሁሉን የሚያውቅ ምን ሰው መሆን አስፈለገው? የመሪጌታ ቃል ነው የፈታልኝ። ሊፈርድብን የሚመጣው ተርቦ ያውቃል፤ ተጠምቶ ያውቃል፤ በሰማርያ ጉድጓድ አፋፍ ደክሞት ተቀምጧል፤ ወዳጁ ሲሞት አልቅሷል። የእኛን ዜማ ከኃጢአት በቀር ከፍ ዝቅ ብሎበታል። "ይህንስ ብሎት አያውቅም" የምንልበትን ቀዳዳ አልተወልንም። ከሰማይ ሆኖ ማየት የሚበቃ ቢሆን ኖሮ ከበረት ባልጀመረ ነበር። እኔ ከማንደጃ ዳር ሆኜ በቃኝ ብያለሁ።

ጠዋት መሪጌታን እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው። መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል፤ መኪና እየጠበቅን ቆምን። "ትናንት ያቺን ልጅ አንቱ አልፈረዱባትም፤ እኔ ግን ፈረድኩባት" አልኳቸው። ትንሽ ቆይተው፣ "ከፍ የሚለውን ቦታ ትንፋሽ ሳትወስድ ነው የገባችበት" አሉኝ። "ከሱ በፊት ያለውን ቤት አሳጥራ ብትመለስ ትደርስበታለች። አንተም ያን ጊዜ ድጓው ላይ እንዲሁ ነበር የሚያስቸግርህ።" በዚያች ሻይ ቤት ውስጥ ልጅቷን በደንብ የሰማት፣ አልፈርድም ያለው ሰው ብቻ ነበር። መኪናው መጣና ሄዱ።

ሰኞ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ የልጅቷን ዘፈን በለሆሳስ ጀመርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ነው፤ ብዬው ግን አላውቅም ነበር። ከፍ የሚለው ቦታ ስደርስ ድምፄ ተሰበረ። እግሬን ከፔዳሉ አነሳሁ፣ ትንፋሽ ወሰድኩ፣ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ተመለስኩ።