ድንጋዩን ማን ወረወረው?

«ክፉ አመል ያወጣል ከመሀል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ስንሰማ የሚታሰበን ሌባው ወይም ሰካራሙ ነው። ይሁንና በሐዋሳ፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን እምብዛም በማይርቀው ፒያሳ፣ አንድ የ15 ዓመት ጐረምሳ ከጓደኞቹ ጋር ማኪያቶ ይዞ ተቀምጧል እንበል። ጨዋታው ሲመስጠው አውራ ጣቱ ሳያስበው ወደ አፉ ይወጣል። ሳቁን ሲሰማ ይባንናል፤ እጁን ኪሱ ይከታል፤ በማግሥቱም በዚያ በኩል አያልፍም። ከመሀል መውጣት ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ይህ ልጅ ጥፋተኛ ነውን?

አሪስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ፣ ሰው በክፉ ጠባዩ የሚጠየቅበትን ምክንያት በድንጋይ ይመስለዋል። ከእጅ የወጣ ድንጋይ አይመለስም፤ መወርወር አለመወርወሩ ግን በወርዋሪው ፈቃድ ነበር። ምሳሌው ለሰካራሙ ይስማማ ይሆናል። ጽንስ ግን ገና በማሕፀን ሳለ ጣቱን ሲጠባ በአልትራሳውንድ ታይቷል። ያን ጊዜ ፈቃድ የት ነበር? አብዛኞቹ ልጆች ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ዕድሜ ይተዉታል፤ ቋሚ ጥርስ ከበቀለ በኋላ የቀጠለ እንደሆነ የፊት ጥርስን ወደ ውጭ ይገፋል።

«እንግዲያስ አይጠየቅበትም» ብሎ ማሰናበት ቸርነት ይመስላል። ነገር ግን ልጁን መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን መጨረሻውንም መንሣት ነው፤ ያልጀመረውን ነገር መጨረስ አይችልም እንደ ማለት ይቈጠራል።

ወላጅና መምህር ደግሞ እፍረትን መድኃኒት ያደርጉታል። እፍረት የሚሠራው ሰው ራሱን በሚመለከትበት ሰዓት ነው፤ ልማድ የሚሠራው ግን ራሱን በረሳበት ሰዓት ነውና ሁለቱ አይገናኙም። ስለዚህ ሳቅ መደበቅን እንጂ መተውን አያስተምርም። (ከሳቂዎቹ መካከል ስንቱ ጥፍሩን በጥርሱ እንደሚቈረጥም ባላነሣ ይሻላል።)

እናቶቻችን ጡት ሲያስጥሉ ሬት ይቀባሉ፤ ጣት የሚጠባውንም ልጅ እንዲሁ። ለሕፃኑ ምሬቱ ከሌላ እጅ የመጣ ቅጣት ነው፤ ሲታጠብ ጣቱ ተመልሶ ይጣፍጠዋል። ጐረምሳው ግን ማታ በሩን ዘግቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ ያንኑ ሬት በገዛ እጁ ሲቀባ ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ የነቃው ሰው ለሚተኛው ሰው ጠባቂ ማቆሙ ነውና። ጧት ጣቱን አፉ ውስጥ ያገኘው ይሆናል። ያን ዕለት ማታም ይቀባል።