ሥራውን ወዶ ሠሪውን መናቅ

ሰው ሰውን አስቀድሞ የሚጠላው ስለማያውቀው ነው ይባላል። በአገራችን ግን አንጥረኛው፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ሸማኔውና ፋቂው ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ጎረቤቶች ሲሆኑ «ቡዳ» እየተባሉ ሲናቁና ሲፈሩ ኖረዋል። ገበሬው አንጥረኛው ባበጀው ማረሻ ያርሳል፤ ባለቤቱ ሸክላ ሠሪዋ በሠራችው ምጣድ ትጋግራለች፤ እኛም ካህናት ሸማኔው የሠራውን ለብሰን፥ አንጥረኛው የቀረጸውን መስቀል ይዘን እንባርካለን። ታዲያ ሥራው ከቤተ መቅደስ ሲገባ ሠሪው ከማዕድ የሚርቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ይህ ጥላቻ የሚጸናበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው የልብ ሚዛን መዛባት ነው። ሸክላ ሠሪዋ በደጅ ባለፈችበት ቀን ሕፃን ቢታመም «በላችው» ይባላል፤ መቶ ጊዜ አልፋ ማንም ያልታመመበት ቀን ግን አይቆጠርም። ሁለተኛው ውጤቱን እንደ ምክንያት ማየት ነው። ባለሙያው በብዙ ስፍራ ርስት ስለ ተከለከለ በመንደር ዳር ሠፈረ፤ ጋብቻ ስለ ተከለከለ ከወገኑ ጋራ ብቻ ተጋባ፤ ከዚያም «ተለይቶ የሚኖረው ክፉ ነገር ቢኖርበት ነው» ተባለ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛውን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ለማረስ ለሚፈቅድ ሁሉ ያለ ልዩነት መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። ሕግ አፍን ይገታል፥ መሬትንም ያካፍላል፤ ነገር ግን በብዙ ስፍራ ማዕዱና ጋብቻው እንደ ተለየ ቀረ።

«ቢቀራረቡ ይተዋወቃሉ» የሚል ቢኖር፥ በየገበያው ቀን ሲገበያዩ መኖራቸውን ያስብ። መቀራረብ ብቻውን እንደማይበቃ ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋራ በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኦክላሆማ አሳይቷል። 22 ልጆችን በሁለት ወገን ከፍለው በጨዋታ ባፎካከሯቸው ጊዜ ልጆቹ ተሰዳደቡ፤ በአንድ ስፍራ ማዕድ ቢቀርብላቸውም ምግቡን ተወራወሩበት። ነገር ግን ውሃቸው ተቋርጦ በአንድነት ብልሽቱን በፈለጉ ጊዜ፥ የቆመውንም መኪና በአንድ ገመድ በጎተቱ ጊዜ፥ ጠባቸው እየበረደ ሄደ። በገበያ የሚገናኙት ግን አንዱ እየፈራ ሌላው እየተናቀ ነውና ሸቀጡ ይለወጣል እንጂ ልቡ አይለወጥም።

እንግዲህ በእኩል ክብር፥ ለአንድ ጉዳይ የሚሰበሰቡበት ስፍራ ወዴት ነው? ሰንበቴው፥ የጽዋው ማኅበርና እድሩ አይደለምን? አንጥረኛው ከማኅበሩ ተቀምጦ ከጽዋው ቢጠጣ፥ ተራው ሲደርስ ደግሶ ቢያበላ፥ ሙሴ ሆኖም ቢመረጥ፥ ልጆች ከአያቶቻቸው የሰሙት በዓይናቸው ባዩት ይሻራል። የንስሐ አባትም ለታመመው ልጁ «ማን አየው?» እያለ የሚጠይቀውን ሰው በዝምታ ቢያልፈው የሐሰት ምስክርነትን እንዳጸደቀ ይቆጠርበታል። ወደ ጸበሉም ወደ ሐኪሙም ይላከው፤ ጎረቤቱን ግን እንዳይከስ ይገሥጸው።

ጌታችን በጸራቢ ቤት አድጎ የገዛ አገሩ ሰዎች በሙያው ንቀውታል። የእነርሱ ነቀፋ በእኛ አጥቢያ እንዳይደገም፥ በሸክላ ሠሪዋ ቤት አስቀድመን እንቀመጥ። ምእመናን የሚመለከቱት ካህኑ ያስተማረውን ብቻ ሳይሆን፥ እህል የቀመሰበትንም ቤት ነውና።