ሳይገባችሁ «ገባን» አትበሉ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ያየሁትን አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ አልቻልኩም። እዚሁ ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩት ማታ ማታ ተሰባስባችሁ አስጠኚ ይዛችሁ ስታጠኑ ብዙ ጊዜ አጠገባችሁ ተቀምጫለሁ። አስጠኚው ስለ ኦቶማታ ይጽፋል፣ ያብራራል፣ ዞር ብሎ «ገባችሁ?» ይላል። «ገባን!» ትላላችሁ በአንድ አፍ። ደብተራችሁን ተቀብዬ ስገልጠው የእሱ ጽሑፍ ግልባጭ ብቻ ነው፤ በራሳችሁ ጭንቅላት የሞከራችሁት አንድ መስመር እንኳ የለበትም።

የመውጫ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ያለፉ ጥያቄዎች ተሰብስበው «ይኼ ቢ ነው፣ ይኼ ዲ ነው» እየተባለ ይሸመደዳል። አስጠኚ መያዛችሁ ደግ ነው፤ ቸግሯቸውም ቢሆን ለዚህ ገንዘብ የሚልኩ ወላጆቻችሁን እግዚአብሔር ይባርክ። የሚያናድደኝ አስጠኚው ዘንድ ባዶ እጃችሁን መሄዳችሁ ነው።

እናንተ እኮ የሊቃውንት አገር ልጆች ናችሁ። የአለቃ ገብረ ሐና ፎገራ እዚሁ ቁልቁል ናት፤ በልጃቸው ስም የሚጠራው የተክሌ አቋቋም የተስፋፋው ከደብረ ታቦር ነው። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተ ልሔም ጋይንት ነው። ቅኔ ቤት የሄደ ደቀ መዝሙር ጥግ ይዞ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። የሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ያፍራል። ያልቆጠረ ተማሪ ምኑ ይታረምለታል? ኦቶማታን የሚያጠቃልለው የቲዎሪ ትምህርትም እንዲሁ ነው። ማሽን ምን ማስላት ይችላል፣ ምንስ ከቶ አይችልም፣ በምን ያህል ጊዜ፣ ለዚህስ ማረጋገጫው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ትምህርት ነው። ማረጋገጫ ደግሞ ራስ ሳይደክሙበት፣ ሌላ ሰው ሲጽፍ በማየት አይለመድም።

ባሕረ ሐሳብ ያስተማሩኝ መሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የዘመን አቆጣጠሩን ስሌት አሳዩኝ። የ2018 ዓ.ም.ን ብንወስድ 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ዐብቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። ዐብቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30። እኔም የዓመታቱን ቁጥር እያወጣሁ በኩራት ስነግራቸው፣ «ሁልጊዜ 30 የሚሆነው ለምንድን ነው?» አሉኝ። «እንዲህ ስለተባለ ነው» አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም፤ «ሂድና አስብበት» ብቻ አሉ። ስመለስ ያመጣሁትን አዳመጡና የጎደለውን ጠቁመው እንደገና ሰደዱኝ። በመጨረሻ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 መሆናቸውን አየሁ። አንዱን ወንበር በሁለቱም አባዝቶ መደመር በ30 እንደ ማባዛት ነው፤ 30ው ሲገደፍ ምንም አይተርፍም፤ ስለዚህ ሁለቱ ቀሪዎች ተደምረው 30 ከመሆን በቀር መውጫ የላቸውም። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ፣ ከዚያ በኋላ ሒሳብ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ደመወዝ ሰጥቶኝ አያውቅም። መሪጌታ መልሱን ያኔውኑ ቢነግሩኝ ኖሮ እኔም «ገባኝ» ብዬ እሄድ ነበር፤ ደስታውም፣ ዕውቀቱም ይቀርብኝ ነበር።

በሌላውም ዓለም ያለው ይኸው ነው። አለን ቱሪንግ በ1935 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ ውስጥ የማክስ ኒውማንን ትምህርት ተከታተለ። ኒውማን አንድ የሒሳብ ዓረፍተ ነገር መረጋገጥ መቻል አለመቻሉን የሚለይ ሜካኒካዊ ዘዴ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ቱሪንግ ብቻውን ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመና በ1936 እንዲህ ያለ ዘዴ እንደሌለ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ ይዞ ለመምህሩ አቀረበ። ዛሬ የምትማሩት የቱሪንግ ማሽን ከዚያ ጽሑፍ የመጣ ነው። ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደው የአልጎሪዝም ሊቅ ጄላኒ ኔልሰንም በ2003 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ መጥቶ አዲስኮደርን ሲጀምር፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያለ ክፍያ አልጎሪዝም አስተማረ። ልጆቹ ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው ተሳስተው ነው የሚማሩት። አዲስ አበባ ያደገችው ረድኤት አበበም ዛሬ በዚሁ በአልጎሪዝም ምርምር ስሟ በዓለም ይጠራል። እናንተ ከነዚህ በምን ታንሳላችሁ?

ስልካችሁ ላይ ያለው ቻትጂፒቲም ሠርታችሁ ያመጣችሁትን እንዲያርምላችሁ ብትጠይቁት ይጠቅማል፤ እንዲሠራላችሁ ካዘዛችሁት የሰው ቅኔ ይዞ ከመቅረብ አይለይም። እናንተም አስጠኚዎች፣ ተማሪው ዝም ሲል ዝምታውን ታገሡት፤ ቸኩላችሁ አትሙሉለት።

አሁንም ወደዚያችው ቃል ልመለስ። «ገባን» የምትሉት አስጠኚውን አክብራችሁ ወይም ጓደኛችሁን አፍራችሁ መሆኑን አውቃለሁ። ይሉኝታ ነው። ነገር ግን አክብሮት እንዲህ አይደለም፤ ያልገባውን ገባኝ ያለ ሰው ዋሽቷል፣ ውሸት ደግሞ ለታላቅ ሲነገር ይበልጥ ይከብዳል። ያልገባው ያልገባበትን መስመር ለይቶ ይናገር። «እዚህ ድረስ ደርሻለሁ፣ ከዚህ በኋላ ጠፋኝ» ይበል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ዘንድ ለመምጣት ያሰባችሁ ይህን ሠርታችሁ ኑ፦ በ2006 ዓ.ም. ወንበሩ ዐልቦ (ዜሮ) ነበረ፤ ዐብቅቴውም ዐልቦ። መጥቅዑ ግን 30 ተባለ እንጂ ዐልቦ አልተባለም። ለምን? ተሳስታችሁም ቢሆን ጽፋችሁ አምጡ፤ ባዶ ወረቀት ይዞ የመጣውን ከበር እመልሰዋለሁ።