ሐሰትን የሚያስተምር ማን ነው?

ልጅ የምናሳድግ፣ ተማሪ የምናስተምር፣ ሠራተኛም የምናዝዝ ሁሉ፣ ከበታቻችን ያለው ሰው እውነቱን እንዲናገር ዘወትር እንመክራለን። እውነቱን በነገረን ጊዜ ግን ለመቀበል የተዘጋጀን መሆናችንን ራሳችንን የምንጠይቀው ጥቂት ጊዜ ነው። ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን፣ ካናዳዊቱ ደራሲ ሉሲ ሞድ ሞንትጎመሪ እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመችው «የግሪን ጌብልስዋ አን» የተባለው መጽሐፍ ነው።

አን ሺርሊ እናት አባት የሞቱባት የ11 ዓመት ልጅ ናት። በፕሪንስ ኤድዋርድ ደሴት የሚኖሩት ወንድምና እኅት፣ ማቲውና ማሪላ፣ በእርሻ የሚረዳቸው ወንድ ልጅ ቢፈልጉ በስሕተት እርስዋ ተላከችላቸው። ልጅቱ ኩሬውንና መንገዱን ሁሉ በአዲስ ስም የምትጠራ፣ በሐሳብዋ ሌላ ዓለም የምትፈጥር ነበረች።

አንድ ቀን የማሪላ የደረት ጌጥ ጠፋ። አን በደረትዋ ላይ ሞክራው መልሳ እንዳስቀመጠችው እውነቱን ተናገረች። ማሪላ ግን አላመነቻትም፤ እስክትናዘዝ ድረስም ከክፍልዋ እንዳትወጣ አዘዘች። ልጅቱ በጉጉት የምትጠብቀው የሰንበት ትምህርት ቤት ሽርሽር ቀን ደርሶ ነበርና፣ ጌጡ ከድልድይ ላይ ውኃ ውስጥ ወደቀብኝ ብላ ያልሆነ ታሪክ ፈጥራ ተናዘዘች። ይህ ግን ወዲያው ታመነ፤ ቅጣቱም ከሽርሽሩ መቅረት ሆነ። በኋላ ጌጡ በማሪላ በራስዋ የትከሻ ልብስ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ።

እንግዲህ ነገሩን እንመርምር። እውነቱ ሐሰት ተባለ፤ ሐሰቱም እንደ እውነት ተቈጠረ። ጥፋቱን በልጅቱ የፈጠራ ሐሳብ ላይ የሚጥል ሰው አይጠፋም። በእኛ አስተያየት ግን የፈጠራ ሐሳብ እንደ ወራጅ ውኃ ነው፤ ቦዩ ሲከፈትለት ያለማል፣ ሲዘጋበት ግን ወዳልታሰበበት ይፈሳል። አስቀድሞ ፈርዶ የሚጠይቅ ሰው የሚሰማው የራሱን ፍርድ እንጂ የተጠያቂውን ቃል አይደለም።

ይህን ስንል ልጅቱ ፈጽሞ ንጹሕ ናት ማለታችን አይደለም፤ ያልሠሩትን ሠራሁ ማለትም ሐሰት ነው። ማሪላም ይህን ነግራታለች። ነገር ግን ወደዚያ የገፋኋት እኔ ነኝ ብላ አምና፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ወደ ሽርሽሩ ላከቻት። በዚህም ክብርዋ አልጐደለም፤ የልጅቱም ፍቅር አልቀነሰባትም።

ታላቅ ሰው ከታናሹ ፊት ተሳስቻለሁ ለማለት ቢደፍር፣ ከብዙ ተግሣጽ ይልቅ እውነትን ያስተምራል። እኛም ሌላውን ሐሰተኛ ከማለታችን በፊት፣ አስቀድመን የገዛ ልብሳችንን እንፈትሽ።