በቤት ሳሉ «የለችም» ማሰኘት ይገባልን?

ባለፈው ዘመነ ጽጌ ከንስሐ ልጆቻችን የአንዲቱን ቤት በጠበል ለመባረክ በአቃቂ ቃሊቲ ወደሚገኘው ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም ሄደን ነበር። ይህች ሴት ከመሥሪያ ቤትዋ ፈቃድ አግኝታ በሳምንት ሦስት ቀን ከመኝታ ክፍልዋ ሳትወጣ በኮምፒዩተር ትሠራለች። ሦስት ዓመት የሞላውን ልጅዋንና ገና የምትድኸውን እኅቱን ከገጠር የመጣች አንዲት ሞግዚት ትጠብቃቸዋለች። ጠበሉን ረጭተን በተቀመጥን ጊዜ ሞግዚቲቱ ቀረብ ብላ፥ እመቤትዋ እየሰማች፥ «አባታችን፥ እትዬ እውስጥ ሳሉ ልጁ ሲጠይቀኝ ‹እማዬ የለችም፥ ወጥታለች› እለዋለሁ። ይህ ኀጢአት ይሆንብኛል?» ስትል ጠየቀችን። እናቲቱ ደነገጠች፤ ቃሉን ያስጠናቻት እርስዋ ነበረችና። ጥያቄው ከገመትነው ይልቅ ጠልቆ ስለ አገኘነው፥ ለሌሎችም ይጠቅም ዘንድ የሁለቱንም ፈቃድ ተቀብለን ይህን ጻፍን።

አስቀድመን ስለ እናቲቱ እንናገር፤ ብዙ ሰው በእርስዋ ላይ ለመፍረድ ይቸኩላልና። ቤቱ በ20/80 የተገኘ ነው፤ 20 በመቶው በቅድሚያ ተከፍሎ የቀረው የባንክ ዕዳ በየወሩ ይከፈላል። ከገላን እስከ መሐል ከተማ ማለዳ ተሰልፎ፥ ማታ ተሰልፎ መመላለስ ምን ያህል እንደሚያደክም የሞከረው ያውቀዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከመውለድዋ በፊት 30፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከነደመወዝዋ ይሰጣታል፤ ያ ሲያልቅ ሕፃኑ ገና ተደግፎ የሚቀመጥ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ ብዙ ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ ተደረገ፤ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ልማዱ በአንዳንድ መሥሪያ ቤት ጸንቶአል። ይህች እናት ይህን ዕድል ስታገኝ ለልጆችዋ የቀረበች መስሎአት ደስ ብሎአት ነበር።

እናት በቤት ውስጥ ስትሠራ መዋልዋ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ልጅ በአንቀልባ አዝለው እህል ፈጭተዋል፤ ጥጥ ሲፈትሉም ሕፃኑ ከአጠገባቸው ነበር። ዳሩ ግን ያ ሥራ በዐይን የሚታይ፥ በእጅ የሚዳሰስ ነው። ሕፃኑ ዱቄቱ ሲወርድ ያያል፤ እናቱ ስለ ምን እንዳላነሣችው ያውቃል። የዛሬው ሥራ ግን በር ተዘግቶ ከመስታወት ጋር መነጋገር ይመስላል። እናቱ ገበያ የሄደችበት ልጅ ጥቂት አልቅሶ ይተዋል። ድምፅዋን በግድግዳው ማዶ እየሰማ «የለችም» የሚባል ልጅ ግን ሁለት ምስክሮች ቀርበውለታል፤ አንዱ የገዛ ጆሮው ነው፥ ሁለተኛዪቱ የምታጎርሰው ሞግዚት ናት። ከሁለቱ አንዱን ሐሰተኛ ማድረግ ግድ ይሆንበታል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ ባስተማረበት ድርሰቱ የሕፃንን ነፍስ በከተማ፥ ሕዋሳቱን በከተማይቱ በሮች መስሎ ተናግሮአል። እንግዲህ የመኝታ ቤቱን በር እንጠብቃለን ስንል የጆሮን በር ለሐሰት ከፍተን እንሰጣለን ማለት ነው።

ምናልባት መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው የዮካብድን ነገር ያነሣብን ይሆናል፤ እርስዋም እናትነትዋን ሰውራ፥ ከፈርዖን ልጅ ደመወዝ እየተቀበለች፥ የገዛ ልጅዋን ሙሴን እንደ ሞግዚት አሳድጋለችና። ነገሩን ግን አስተውለን እንመልከተው። የሙሴ እኅት ለንጉሡ ልጅ የምታጠባ ሴት ልጥራልሽን ብላ ጠየቀች እንጂ እናቱ ሞታለች ወይም የለችም አላለችም። ከንጉሥ ሰይፍ ሕፃን ለማዳን እንኳ ዝም ማለት በቅቶአታል። አንድም፥ በዚያ ታሪክ እናቲቱ ለልጅዋ ቀረበች እንጂ አልራቀችም።

ስለ ሞግዚቲቱ ጥያቄ የሰጠነው መልስ ይህ ነው፤ ሐሰት ከተናጋሪው አንደበት አይለይም፥ የሚበልጠው ዕዳ ግን ያዘዘው ሰው ነው። ይልቁንም የታዘዘችው እንጀራዋን ፈርታ ሲሆን። አዋጁ በቤት ሠራተኞች ላይ አይፈጸምም፤ የእነርሱን ነገር ወደ ፊት ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው አብራው ለምትኖር ሠራተኛ በማደሪያዋ፥ በምግብዋና በዕረፍትዋ ጤንነትዋንና ግብረ ገብነትዋን እንዲጠብቅ ያዛል፤ ነገር ግን በአራተኛ ፎቅ ላይ ይህን ማን ያይላታል? የርብቃ ሞግዚት ዲቦራ በቤቴል ከዛፍ ሥር ስትቀበር የመቃብርዋ ስፍራ በልቅሶ እንደ ተሰየመ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፎአል፤ ሞግዚት በአባቶች ቤት እንዲህ የከበረች ነበረች። የእኛይቱ ግን ልጁ ሲያለቅስ «ምን አደረግሽው?» ትባላለች፤ ዝም ስታሰኘው ደግሞ እናቲቱ ወጥታ ታቅፈውና ተመልሳ ትገባለች። ልቅሶ በር እንደሚከፍት ልጁ የተማረው ከዚህ ነው።

ስለዚህ «እማዬ እውስጥ ሥራ ላይ ናት፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ትወጣለች» ተብሎ እውነቱ እንዲነገረው መከርን። እናቲቱ «አባታችን፥ እውነቱን ካወቀማ በሩን ሲደበድብ ይውላል» አለችን። ይደበድብ ይሆናል። ይህ እንደማይሆን ተስፋ ልንሰጣት አልቻልንም። የከበደው ግን ሌላ ነው፤ ስድስት ሰዓት ከተባለ በስድስት ሰዓት መውጣት አለባት፥ ስብሰባው ግን በሰዓቱ አያልቅም። አለቆች ይህን ጽሑፍ ቢያነቡት እንወድ ነበር። አባትየውም ይህ ሁሉ ሲነገር ዝም ብሎ አደመጠ፤ ማታ ስለሚገባ የበሩን ነገር ከዚያ ቀን በፊት አልሰማም ነበር።

በጾመ ነቢያት መግቢያ ተመልሰን ሄድን። ልጁ የእናቱን ጫማ ታቅፎ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦአል። ሞግዚቲቱ «ሰዓቱ ገና ነው» ስትለው «አውቃለሁ፤ እያወራች ነው» አላት። እናቲቱ የወጣችው ከስድስት ሰዓት ሩብ ያህል አሳልፋ ነው፤ ልጁም ቀና ብሎ ሳያያት ቆየ። ሞግዚቲቱን በተከታዩ እሑድ በቅዳሴ አየናት፤ ልጆቹን አባታቸው ይዞአቸው ቀርቶ ነበር።