ስለ መገልበጥ

በየመሥሪያ ቤቱ «ግልባጭ» የሚለው ቃል የደብዳቤን ቅጅ ለማመልከት የተለመደ ነው። የዛሬው አሳባችን ግን በሌላው ትርጕሙ ላይ ነው፤ ይኸውም የላዩ ወደ ታች፥ የፊተኛው ወደ ኋላ መዞሩ ነው። ይህ ነገር በልዩ ልዩ የዕውቀት ክፍሎች ውስጥ ይገኛል፤ ለሥነ ምግባርም ትምህርት ስላገኘንበት ለአንባቢዎቻችን እናቀርበዋለን።

በመጀመሪያ፥ መገልበጥ ሁሉ ጥፋት ነው እንዳንል የገዛ ዐይናችን ይመሰክርብናል። ዮሐንስ ኬፕለር የተባለው የጀርመን ሊቅ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1604 እንዳስረዳው፥ የምናየው ነገር በዐይናችን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚሣለው ተዘቅዝቆ ነው። ሆኖም አእምሮ አቅንቶ ስለሚረዳው ዛፉን ሥሩ በሰማይ ሆኖ አናየውም።

የአየር ጠባይ ሊቃውንት የሚነግሩን ግን ያስፈራል። እንደ ወትሮው ከሆነ አየር ወደ ላይ በወጣን መጠን እየቀዘቀዘ ይሄዳል። አንዳንድ ጊዜ ግን ተራው ይገለበጥና ቀዝቃዛው ከታች፥ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሞቃቱ አየር እንደ ድስት ክዳን ሆኖ ጢሱን ያፍነዋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1952 በዲሴምበር ወር በሎንዶን ከተማ ለአምስት ቀን እንዲህ ሆኖ ነበር፤ በከሰሉ ጢስ ምክንያት የሞቱት ሰዎች በጊዜው ግምት እንኳ 4,000 ያህል ነበሩ። ምድጃ ማንደዱ የየክረምቱ ልማድ ነበር፤ ይልቁንም ገዳይ ያደረገው የአየሩ ተራ መገልበጥ ነው።

ስለ ዘር ውርስ የሚመራመሩትም ይህንኑ ያሳዩናል። ሄሞፊሊያ ኤ የሚባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ በሽታ ከጸናባቸው ሰዎች መካከል ወደ ግማሽ በሚጠጉት ዘንድ፥ ደም የሚያረጋውን ነገር የሚያሠራው የዘር ጽሕፈት አንዱ ክፍል ተገልብጦ ይገኛል። ፊደሉ ቢቈጠር የጐደለ የለም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ቃሉ መካከሉ ላይ ስለ ተቋረጠ አይነበብም።

እንግዲህ የመገልበጥ ክፋቱ ቈጣሪን ማታለሉ ነው። መሥሪያ ቤት የቆመው ለባለጉዳይ ነው። ባለጉዳዩ ለመሥሪያ ቤቱ የተፈጠረ በሚመስልበት ጊዜም ወንበሩ፥ ማኅተሙ፥ መዝገቡ፥ ጸሓፊው ሁሉ በየቦታው አለ፤ መርማሪ ቢመጣ የጐደለ አያገኝም። እኛም ራሳችን፥ ከሩቅ አገር የመጣ ሽማግሌ በራፋችን ላይ ቆሞ ሳለ፥ የመዝገብ ቍጥር በጥሩ ጽሕፈት ስናሳምር ውለን፥ «አባቴ፥ ዛሬ ሥራ በዝቶብናል፤ ነገ ይመለሱ» ያልንበት ቀን አለ። ሥራው እርሳቸው መሆናቸውን ዘንግተነው ነበር።

ከዚህም የሚብሰው መልመዱ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ጆርጅ ስትራተን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ባሳተመው ጥናት እንደ ገለጠው፥ ዓለሙን የሚገለብጥ መነጽር ለስምንት ቀን ያህል አደረገ። በመጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ውሎ ሲያድር ግን እጁም እግሩም ለመደ፤ መነጽሩን ባወለቀ ጊዜ ደግሞ ቀናው ዓለም እንግዳ ሆነበት። አባቶቻችንም «ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ይላሉ።

ዐይን የገለበጠውን አእምሮ ያቃናዋል፤ ልማድ የገለበጠውን ግን ኅሊና ካላቃናው ሌላ የሚያቃናው የለም። ስለዚህ በየማታው መዝገባችንን ስንዘጋ፥ «ምን ጐደለ?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድመን «ማን ስለ ማን ቆመ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ሽማግሌውም ነገ ሲመለሱ ወንበራችንን ለቅቀን እንቀበላቸው።